ዘንዶው የየትኛው ማዶ ነው?

ረግረግ ትወዳላችሁ? አትቸኩሉ፣ አስቡበት። እኔ እወዳለሁ። በእግሬ ልገባበት አይደለም፤ ጫማዬንም እወደዋለሁ። የምወደው በታሪክ ውስጥ ነው። ዘንዶ ያለበት፣ ወፍ የሚናገርበት፣ ንጉሥ በእርግማን ድንጋይ የሚሆንበት፣ ሙሉ በሙሉ ከራስ ተፈልስፎ የሚጻፍ ታሪክ ውስጥ ማለቴ ነው።

እስቲ እናንተው ፍረዱ። በረሃ ጀግናውን ውሃ ያስጠማዋል። ጫካ መንገድ ያጠፋበታል። ተራራ ጉልበቱን ይጨርሰዋል። እነዚህ ሁሉ ግን ጠላትነታቸውን አይደብቁም። ረግረግ እንደዚያ አይደለም። አረንጓዴ ነው፣ አበባ አለው፣ ወፍ ይንጫጫበታል። «ና፣ እለፍ» የሚል ይመስላል። ጀግናው አንድ እግሩን ያሳርፋል። ሁለተኛውንም ያሳርፋል። ከዚያ መሬት መስሎት የነበረው ነገር መሬት አለመሆኑ ይገባዋል። መሮጥ የለ፣ መመለስ የለ፤ ሲወራጭ ይብስበታል። ሰይፍ ቢመዝስ ምኑን ሊወጋው ነው? ጭቃውን? አንባቢው አብሮት ትንፋሹን ይውጣል። ደራሲ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?

አንድ ነገር ግን ማንም አልነገረኝም ነበር። በታሪክ ውስጥ ያለ ረግረግ ባዶ ነው። ጭጋግ፣ ጀግና፣ ዘንዶ፣ በቃ። እኛ አገር ባዶ ረግረግ የለም። በጋ ገብቶ ሌላው መስክ ሁሉ ሲነጣ አረንጓዴ ሆኖ የሚቆየው እሱ ነው። ስለዚህ ከብት አለበት። ከብት ካለ ባለከብት አለ። ባለከብት ካለ ጎረቤት አለ። ጎረቤት ካለ ደግሞ ዱላ አይጠፋም። ዘንዶ የሚጨመርበት ክፍት ቦታ የለም ማለት ነው። እኔ ጨመርኩ።

ቢቸና አስተማሪ ነኝ። ባዮሎጂ። ቀን ቀን ስለ እንቁራሪት እውነቱን እናገራለሁ፤ ከሥራ ስወጣ ስለ ዘንዶ እዋሻለሁ። ታሪኬን ስጀምር ረግረግ አስፈለገኝ፤ ሩቅ መሄድ አላሻኝም። ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ አንድ ረግረግ አለ። እናቴ የምትኖረው ከወዲህ፣ በቢቸናው ማዶ ባለው መንደር ነው። የባለቤቴ የይታይሽ ቤተሰቦች ደግሞ ከወዲያ፣ በሞጣው ማዶ ናቸው። በእኛ በኩል ዳር ላይ አንድ ትልቅ ዋርካ ቆሟል። በእነሱ በኩል ከዓለት ሥር ምንጭ ይፈልቃል። ዋርካውንም ምንጩንም ሳልለውጥ አስገባኋቸው። ለምን እለውጣለሁ? ሲያምሩ።

ዘንዶዬ እሳት አይተፋም። እርጥብ ቦታ ላይ እሳት ምን ይሠራለታል? ትዕግሥተኛ ነው። ጀርባው ላይ ቄጤማ ይበቅላል። ከብቶች መስክ መስሏቸው ጀርባው ላይ ወጥተው ይግጣሉ። እሱ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ጠግበው ሲተኙ ቀስ ብሎ ይገለበጣል። በዚህ ሐሳብ እስካሁን እኮራለሁ።

የጻፍኩትን በክፍል በክፍል እየለየሁ ሞጣ ላለው ጓደኛዬ ለሰይድ በስልክ እልክለታለሁ። ሰይድ ገበያው አጠገብ የስልክ ዕቃ ይሸጣል፤ ለሰው ሚሞሪ ላይ ዘፈንና መዝሙር ይጭናል። ሱቁ ጠባብ ናት። ግማሿን የአባቱ የልብስ ስፌት መኪና ይዟታል። ሐጂ ልጃቸው ሳይወለድ ጀምሮ እዚያች ቦታ ቁጭ ብለው ይሰፋሉ። የሰይድ ድምፅ ደግሞ ጉድ ነው። ሲያነብ የሚያስፈራው ቦታ ላይ አይጮኽም፤ እንዲያውም ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ሰው ለመስማት ይጠጋል። ዘንዶው የሚመጣው ያኔ ነው። ታሪኬን በድምፁ ቀዳና ሚሞሪ ለሚያስጭን ሁሉ በምርቃት ይሰጥ ጀመር። መዝሙር ልታስጭን የመጣች ሴትዮ ዘንዶ ይዛ ወደ ቤቷ ትገባለች።

ገበሬው ስልኩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ በሬውን እየነዳ የኔን ዘንዶ ይሰማል ብለው ሲነግሩኝ ልቤ አበጠ። ምን ልደብቃችሁ።

አሁን ወደ ጉዱ እንግባ። አካባቢያችን የቅኔ አገር ነው። በየደብሩ የቅኔ ተማሪ ሲቆጥር እየሰማ ያደገ ሰው የተነገረውን ብቻ ሰምቶ አይረካም፤ ያልተነገረውን ይፈልጋል። «ዛሬ ዳመነ» ብትሉት «ምን ለማለት ነው?» ብሎ ማታ ሲያብሰለስል ያድራል። አያቴ ደግሞ በሕይወት ሳሉ የወሰን ምስክር ነበሩ። የማን ማሳ ከየት እስከ የት እንደሆነ የሚጠየቁ እሳቸው ነበሩ፤ ካረፉ በኋላ እንደሳቸው የሚያውቅ ጠፋ። ሁለቱን ደምሩት። «መምህሩ አያቱ የነገሩትን ወሰን በዘንዶ ጠቅልሎ አወጣው» ተባለ። ዘንዶው ሽፋን ሆነ፤ ውስጡ መሬት ነው ተባለ።

በዚያ ዓመት በልግ ሳይዘንብ ቀርቶ ነበር። ከመቼውም ይልቅ ሣር የተወደደበት ጊዜ ነው። ሁለቱ መንደሮች ከጥንት ጀምሮ አብረው የሚያሰማሩበት የነበረውን ረግረግ ድንገት «የብቻችን ነው» የሚሉ ሰዎች ተነሱ። ማስረጃቸው ምን መሰላችሁ? እኔ ነኝ። የቢቸናው ማዶ ሰዎች መጀመሪያው ክፍል ላይ ያዙ፤ ዘንዶው የሚተኛው ዋርካው ሥር ነው፣ ዋርካው የኛ ነው፣ ስለዚህ ረግረጉ የኛ ነው። የሞጣው ማዶ ሰዎች አራተኛው ክፍል ላይ ያዙ፤ እዚያ ዘንዶው አፉን ከፍቶ «ምንጬን ማን አደፈረሰው?» ይላል። «ምንጬ» አለ እኮ! ከራሱ ከባለቤቱ አፍ!

መጀመሪያ ሳቅኩ። ቆይቶ አንድ ጥጃ እግሩን ተሰብሮ ተገኘ። ከዚያ ከብት ጠባቂዎች ድንጋይ ተወራወሩ። ከዚያ የኔ ታናሽ ወንድም እንዳላማው ከቢቸናው ማዶ፣ የይታይሽ ወንድም ይበልጣል ከሞጣው ማዶ፣ እያንዳንዳቸው የየመንደራቸው ፊት መሪ መሆናቸውን ሰማሁ። ሁለቱም ሰርጌ ላይ ጎን ለጎን ቆመው የጨፈሩ ናቸው። ሳቁ እዚያ ላይ ቆመ። አንዱ ሌላውን ቢመታው ልጆቼ ምን ተብለው ያድጋሉ? አጎታቸው አጎታቸውን የገደለባቸው ልጆች። ፈራሁ። እውነቴን ነው፣ እንጀራ አልወርድልህ አለኝ።

ሽማግሌዎች ላኩብኝ። «መምህሩ ይምጣና በአፉ ይናገር። ያነበበውም ልጅ ይምጣ» አሉ። ለሰይድ ደወልኩለት። ሱቁን ለአባቱ ትቶ መጣ።

ከይታይሽ ጋር ሚኒባስ ተሳፍረን ሄድን። ልንወርድ ስንል «ዘንዶውን ወደ ወንድሜ ማዶ ብታደርገው እናትህ ዓይንህን አታይም» አለችኝ። «እሺ» አልኩ። «ወደ እናትህ ማዶ ብታደርገው ደግሞ እኔ አለሁ» አለች።

ዋርካው ሥር ደረስን። ሰዉ ሁለት ቦታ ተከፍሎ ተቀምጧል። ዱላ ሁሉ ተሰብስቦ ግንዱ ሥር ተከምሯል፤ የሽማግሌዎቹ ትእዛዝ ነው። እናቴ ከሴቶቹ መሃል ነበረች፤ ሰላም አላለችኝም። ሰብሳቢው አያ ደምለው ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሽማግሌ። ቀና ብለው አዩኝ።

«በአያትህ አፅም ይዠሃለሁ» አሉ። «ዘንዶው የየትኛው ማዶ ነው?»

«አያ ደምለው፣ ዘንዶ የለም» አልኩ። «እኔ ነኝ የፈጠርኩት።»

«ዋርካውስ?»

«ዋርካውማ ይኸው አለ።»

«ምንጩስ?»

«እሱም አለ።»

«እንግዲያ ዋርካውም እውነት፣ ምንጩም እውነት ሆኖ፣ መሃላቸው የተኛው ብቻ ነው ውሸት የሆነው?»

ሰዉ አጉረመረመ። ስለ ፈጠራ ጽሑፍ ላስረዳ ሞከርኩ። ደራሲ እውነተኛ ቦታ ወስዶ የሌለ ነገር ያኖርበታል፣ ረግረግን የመረጥኩት እግር ስለማይጸናበት፣ አንባቢን ስለሚያስጨንቅ ነው አልኩ። «ተጨንቀናል» አሉ አያ ደምለው።

ልሸመግል ብዬ ደግሞ አባባስኩት። ዘንዶው ረጅም ነው፣ ራሱ በአንዱ ማዶ፣ ጅራቱ በሌላው ማዶ ሊያርፍ ይችላል አልኩ። መልካም ነገር የተናገርኩ መስሎኝ ነበር። «ራሱ በየት?» አለ እንዳላማው ከተቀመጠበት እየተነሳ። «ጅራቱን ለኛ ልትሰጠን ነው?» አለ ይበልጣል። እሱም ተነሳ።

«ሚስቱን ፈርቶ ነው የሚቀባጥር!» አለ የገዛ ወንድሜ።

«እናቱን ፈርቶ ነው እንጅ!» አለ የሚስቴ ወንድም።

በዚህ እንኳ ተስማምተው ቢቀመጡ ምን ነበረበት። አልተቀመጡም። አንድ ሰው ወደ ዱላው ክምር ተራመደ። ሌላው ተከተለው። አያ ደምለው «ተው! ተው እላለሁ!» ቢሉ የሚሰማቸው ጠፋ። እንዳላማው ዱላውን አነሳ። ይበልጣል የራሱን ሲያጣ ያገኘውን መዘዘ። ሴቶቹ ይጮኻሉ። ይታይሽ ሮጣ መሃላቸው ልትገባ ስትል ክንዷን ያዝኩ፤ ጥፍሯን እጄ ላይ ሰካችው። በጻፍኩት ታሪክ ውስጥ እዚህ ቦታ ላይ አንድ ወፍ መጥቶ ለጀግናው ምክር ይሰጠዋል። ቀና ብዬ አየሁ። ዋርካው ላይ ወፍ አልነበረም።

«አባቶቼ» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ሰይድ ነው። ተነስቶ ቆሟል። ከብት የለው፣ ወገን የለው፣ ሊያነብ የመጣ እንግዳ ነው። እንደገና «አባቶቼ» አለ፤ አሁን ደግሞ ከፊተኛው ዝቅ አድርጎ። እነዚህ ሰዎች ያንን ድምፅ ለወራት በጆሯቸው ይዘው ከርመዋል። ዝቅ ሲል ምን እንደሚመጣ ያውቃሉ። ዱላ የያዙትም ሳይቀሩ ዘንበል ብለው ሰሙት።

«እኔ የመጣሁት የረግረጉ ባለቤት ዛሬ ይታወቃል ሲሉኝ ነው» አለ። «አባቴ አንዲት በቅሎ ነበረቻቸው። ከቢቸና ጨርቅ ጭና ወደ ሞጣ ስትመለስ እዚህ ገብታ ሰመጠች። ከነጭነቷ። ያኔ ረግረጉ የሁሉም ነው ሲሏቸው ማንን እጠይቃለሁ ብለው ዝም አሉ። አሁን የአንድ ወገን መሆኑ ከታወቀ በቅሎዋን የምጠይቀው ማንን እንደሆነ ንገሩኝና ልሂድ።»

ምን እንዳለ ገብቷችኋል? እኛ ዘንድ ውሻህ ሰው ቢነክስ የምትክሰው አንተ ነህ። በሬህ ቢወጋ አንተ ነህ። የቆፈርከው ጉድጓድ ክፍት አድሮ የሰው ከብት ቢገባበት፣ አሁንም አንተ ነህ። ረግረጉ ያንተ ብቻ ነው ካልክ፣ የዋጠው ሁሉ ባንተ ላይ ነው።

አንድ ሽማግሌ ከቢቸናው ማዶ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ይህ የሰው ልጅ እውነቱን ነው። ያችን በቅሎ አውቃታለሁ። በመልኳ ቡላ ነበረች» አሉ።

«ዳማ ናት!» አሉ ከሞጣው ማዶ ሌላ ሽማግሌ። «እኔ አይደለሁም ወይ ገመድ የጣልሁላት! እንደምን ያለች በቅሎ መሰለችህ!»

ከዚያማ የሰመጠው ሁሉ ከጭቃው ይነሳ ጀመር። አንዲት ሴት አህያዋን አነሳች። አንዱ ላሙን ከነእርጉዝነቷ አነሳ። ሌላው የግንደወይን ነጋዴዎች ጨው የጫነ አህያ እዚህ ቀርቶባቸዋል፣ ቢሰሙ ሳይውሉ ሳያድሩ ይመጣሉ አለ። እንዳላማው ዱላውን ወደ መሬት ሲያወርደው አየሁ።

«መቼም» አለ ወንድሜ፣ «ዘንዶው ‹ምንጬ› ብሏል። ኸምንጩ አይደለም ወይ የሚጠጣ? ምንጩ ደግሞ ኸነሱ ነው።»

«ኧረ ምን በወጣን!» አለ ይበልጣል። «የሰው ቤቱ የሚተኛበት ነው እንጅ የሚጠጣበት ነው እንዴ? ዋርካው ሥር ነው የሚተኛ! የናንተ ነው!»

ከጥቂት ጊዜ በፊት ሊጋደሉበት የነበረውን ክርክር ተለዋውጠው ያዙት። አሁን ግን እየተገፋፉ የሚሰጣጡት ሆነ። እኔ ዋርካው ሥር ቁጭ አልኩ። ይታይሽ ጥፍሯን ነቀለችልኝ።

አያ ደምለው ነገሩ እስኪበርድ ጠበቁ። «እንግዲህ ረግረጉ የማነው?» አሉ።

«የእግዜር ነው» አሉ ከሁለቱም ማዶ።

ወደ ሰይድ ዞሩ። «እግዜርን ትጠይቀዋለህ?»

«እሱንስ አልችለውም» አለ ሰይድና ተቀመጠ።

ከብቱ እንደ ድሮው አብሮ እንዲሰማራ ተፈረደ። የተሰበረው ጥጃ ጉዳይ በዚያው አለቀ። እንዳላማውና ይበልጣል ተነስተው ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ፤ አሳሳማቸው ግን የተኮራረፉ ሕፃናትን ይመስል ነበር። እኔም አመስግኜ ልሄድ ስነሳ አያ ደምለው «አንተ ቆይ» አሉኝ። «ዘንዶህን ኸዚህ ታነሳለህ።»

«የት ልውሰደው?»

ወደ ግንደወይን ይሂድ ስል አንዱ ልጄን የዳርሁት እዚያ ነው ብሎ ተቆጣ። ሮብ ገበያ ስል በግ የምንሸጥበትን ገበያ ልትዘጋብን ነው አሉ። ደብረ ኤልያስ ስል አንድ የቅኔ ተማሪ ብድግ አለ፤ መምህሬ እዚያ ናቸው አለ። በየሄድኩበት የሰው ዘመድ አለ። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጬ «አዲስ አበባ» አልኩ። የተቃወመ የለም። «እዚያ ይሻለዋል» አሉ አያ ደምለው። «ቤት ተከራይቶ ይኖራል።» እንዲህ ሆኖ ነው ታሪኬ በአሥራ ምናምነኛው ክፍል ላይ ድንገት ከተማ የገባው። ብዙ አድማጭ ለምን ብሎ ጠይቆኛል። መልሱ ይኸው ነው። ዘንዶው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ምንም አላስፈራ አለ፤ መሬቱ ጠጣር ነዋ።

ሰይድን ልሸኘው መንገድ ዳር ቆመን የሞጣ መኪና ስንጠብቅ «በሐጂ በቅሎ በጣም አዘንኩ። ነግረኸኝ አታውቅም» አልኩት።

«የምን በቅሎ?» አለኝ።

«አባትህ...»

«አባቴን ኸስፌት መኪናቸው ተነስተው ያየሃቸው መቼ ነው? በቅሎ ይፈራሉ እኮ።»

«እነዚያን ሁሉ ሽማግሌዎች ዋሸሃቸው?»

«አንተ ያን የሚያህል ዘንዶ ስትፈጥር ማን ጠየቀህ?» አለ። «እኔ አንዲት በቅሎ ብፈጥር ነው የበዛው? ደግሞ የተጣላ ለማስታረቅ ነው። አላህም አይቀየመኝ።» መኪናው መጣ። እየሳቀ ገባ።

ቀናሁ። ምን ይባላል ሌላ? ያን ሁሉ ገጽ ሞልቼ፣ ጭጋግ ደርድሬ፣ ቄጤማ አብቅዬ፣ ሁለት መንደር ላጫርስ ደርሼ ነበር። እሱ ጭጋግ የለ፣ ምን የለ፣ አንዲት በቅሎ ጭቃ ውስጥ ከቶ አስታረቀ። ቀለሟን እንኳ አልተናገረም። ቀለሟን የቀቧት እነሱ ናቸው። ረግረግን በታሪክ ውስጥ ማስገባት እንዴት እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ መሰለኝ።

ባለፈው እናቴ ደወለችልኝ። ታርቀናል። ጤናዬን ጠየቀች፣ ልጆቹን ጠየቀች፣ እንዳላማውና ይበልጣል ባንድ ላይ ከብት ሊገዙ ገበያ እንደወረዱ ነገረችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ዘንዶ የሚባል እንደሌለ እኔማ አውቅ ነበር» አለች። «ሰዉ ነው እንጅ የሚያምን። ያች የሐጂ በቅሎ ግን እስከ ዛሬ ታሳዝነኛለች። ስትሰምጥ ጩኸቷን ሰምቻት ነበር። ቡላ ነበረች።»

ምን ልበላት? ነፍስ ይማር አልኩ።